ወረቀት የተሳለባት ቁልፍ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሲቲና ግን ያን ዕለት ጠዋት ስለ ራሷ የተወራውን አንድም ሳይቀር ሰማች። ለሱብሂ ሶላት ዉዱእ ልታደርግ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቤት ያለችውን ሕፃን እንዳልቀሰቅስ ብላ ቧንቧውን ሳትከፍት ትንሽ ቆማ ነበር። መታጠቢያ ቤቱንና ኩሽናውን የሚለየው ግድግዳ ስሙ ግድግዳ ይሁን እንጂ ከወፍራም ካርቶን አይሻልም። ከወዲያ በኩል የወንድሟ ልጅ ኢማድና ሚስቱ ሳብሪያ በዝግታ ያወራሉ። ኢማድ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሹፌር ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ሳብሪያ ደግሞ ለልጇ ጡጦ ታሞቃለች። ያወሩት ብዙ አልነበረም።

«ለአለቃዋ ለወንድይፍራው ትናንት ደውዬለታለሁ» አለ ኢማድ። «እጇ እንደማይሠራ ነግሬዋለሁ። ሶ፣ ሰኞ አንቺ ሥራሽን ትጀምሪያለሽ፣ እሷ ከልጅቷ ጋር ትሆናለች።»

«ለራሷ ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ? ፈተናውን ስትወድቅ ራሷ ቤት ትቀመጣለች።»

ከዚያ የጡጦው ክዳን ሲጠብቅ ተሰማ፣ የውጪው በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ ኢማድም መኪናውን ሊያሞቅ ወረደ። ሲቲና ሆድ ይፍጀው ብላ ቧንቧውን ከፈተች። ታጠበች፣ ሰገደች፤ ልቧ ግን ሶላቱ ላይ አልነበረም፤ ይህንንም ለፈጣሪዋ አልደበቀችም። ተናድዳ ነበር። ከንዴቱ የባሰባት ግን እፍረቱ ነው። ሁለት መኝታ ያለው ይህ አፓርታማ የተከራየው በእሷ ስም ነው፤ ኢማድን ራሱን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከደሴ ያመጣችው እሷ ናት። በገዛ ቤቷ፣ ራሷ ባመጣችው ልጅ አፍ፣ የምትወድቅበት ቀን ተቆርጦላት መስማቷ አሳፈራት። ደግሞ ደስ የማይለው ነገር፣ ኢማድ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። የሕፃናት ማቆያው፣ ዴይኬሩ፣ በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ጠይቋቸዋል፤ ሳብሪያ ሳንታ ሞኒካ ወዳለው የሆቴል ሥራዋ ስትመለስ የምታመጣው ደሞዝ ግማሽ ማለት ነው። ልጁ ሂሳቡን ሲሠራ የአክስቱን ዕድሜ ደመረበት፣ በቃ።

ሲቲና ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዌስትውድ፣ ሐኪሞች ከሚከራዩት አንድ ሕንፃ ሥር ባለው ፓርኪንግ፣ ቡዝ በሚሏት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ቲኬት ስትቀበል አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ያንን ሥራ ማሽን ይሠራዋል ተብሏል። ከሰባቱ ገንዘብ ተቀባዮች ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ተርፏል፦ ታች ምድር ቤት፣ ቲኬቱ የጠፋበትን ሰው በኮምፒውተር የሚያስተናግድ ሰው ይፈለጋል። ከሰባቱ አምስቱ ገና ሲሰሙ ሌላ ሥራ ፈለጉ፤ አንዱ ተፈትኖ ወደቀ፤ የቀረችው ሲቲና ናት። ፈተናውን ያለፈ ሰው ደሞዙና የጤና ኢንሹራንሱ ይቀጥልለታል። የወደቀ የሁለት ሳምንት ደሞዝና ስሙ የተጻፈበት ኬክ ይሰጠዋል። ሲቲና ስኳር ስላለባት ኬኩም አይጠቅማት፤ የስኳሩን መድኃኒት የሚከፍልላት ግን ኢንሹራንሱ ነው።

ችግሩ እጇ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በመስኮት እየተዘረጋች፣ አንዳንዱ ባለመኪና በሁለት ክንድ ርቀት ቆሞ የሚያቀብላትን ቲኬት ስትስብ፣ የቀኝ እጇ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ታጥፈው መቅረት ጀመሩ። ከታጠፉ በኋላ በሌላኛው እጅ ካልተቃኑ አይዘረጉም። ማውሱን ስትይዘው ሁለቱ ጣቶች እንደተኮራመቱ ቀርተው፣ በግራ ልትነካ በቀኝ፣ በቀኝ ልትነካ የትም ይሆንባታል። በግራ እጇም ሞክራዋለች፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ እንጂ። ኢማድ ይህን አይቷል። ያላየው በጓደኛዋ በፋና ሱቅ ውስጥ የሆነውን ነው።

ቁርስ ደረሰ። ሳብሪያ ዳቦና እንቁላል አቀረበችላት፣ ከወትሮው የተሻለ አድርጋ ጠብሳዋለች። ኢማድ ከታች ተመልሶ መጥቶ ቆሞ ሻዩን እየጠጣ መንገዱ ዛሬ እንደሚዘጋ አወራ፣ የቤንዚን ዋጋ ሦስት ዶላር ከሰማንያ መግባቱን አወራ፣ ከዚያ ኩባያውን እያየ «ፈተናው ዛሬ ነው አይደል አክስቲ? አትጨነቂ እሺ» አላት። አልጨነቅም አለችው። ላድርስሽ ሲላት በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። 

ፋና ፌርፋክስ ላይ፣ በሁለት ምግብ ቤቶች መሃል የተጣበቀች ሱቅ አላት። የስልክ ካርድ ትሸጣለች፣ በርበሬ ትመዝናለች፣ የፓስፖርት ፎቶ ታነሳለች፣ ወደ አገር ቤት ዕቃ ትልካለች። ከኋላ፣ ከበርበሬው ጆንያ ጎን ያለውን ኮምፒውተር በሰዓት ሦስት ዶላር ታከራያለች፣ ለወዳጅ ሁለት ከሃምሳ። ፋና ደግ ሰው ናት፤ ግን ብር ከእጇ ሲወጣ አጥንቷን ያማታል። የኮምፒውተሩ ማውስ በቀኝ በኩል መሥራት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። አዲሱ አሥር ዶላር እንደማይሞላ ሰው ሁሉ ነግሯታል፤ እሷ ግን የማይታጣ ዘዴ አገኘችለት። ከረጅሟ ቁልፍ በስተቀኝ፣ ማንም ልብ የማይላት፣ ትንሽ ወረቀት የተሳለባት ቁልፍ አለች። እሷን ሲጫኗት፣ ማውሱን በቀኝ ቢነኩት ኖሮ የሚመጣው ዝርዝር ብቅ ይላል። ፋና «ወረቀቷ» ትላታለች። በሯን የረገጠ ደንበኛ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ወረቀቷን ተዋውቆ ይወጣል። ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት ይሄ ነው።

ሲቲና ከስድስት ሳምንት በፊት ለእጇ ሐኪም ቀጠሮ ለመያዝ ገብታ፣ በማውሱ ስትታገል ፋና አይታት ሳቀችባት። ከዚያ ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ተለማመደች። በቀስት ቁልፎቹ መውረድ፣ ወረቀቷን መጫን፣ ከዝርዝሩ የሚፈለገውን በመጀመሪያ ፊደሉ መጥራት፣ ማጽደቅ። ለዚህ ሁሉ ሌባ ጣትም መሃል ጣትም አያስፈልግም፤ አውራ ጣትና ቀለበት ጣት ይበቃሉ። መለማመጃ የሆናት የፋና የዕቃ መላኪያ መዝገብ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከፌርፋክስ ማን ለአማቱ ብርድ ልብስ እንደላከ፣ ማን ለወንድሙ ያገለገለ ጫማ ብቻ እንደላከ አጥርታ አወቀች። ለማንም አልተነፈሰችም፤ ወንድይፍራውንም ጨምሮ ሐበሻ ሁሉ እዚያ መዝገብ ውስጥ አለ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ተለማመደች። ፋና ገንዘብ አልቀበልም አለች፤ ይህም ከእሷ ሲመጣ ትልቅ ነገር ነው። ሲቲና የሰማችውን ነገረቻት፤ ፋናም በርበሬ መመዘኗን ሳታቋርጥ አዳመጠችና፣ ወንድይፍራው ጨዋ ሰው ነው፣ ሰው አይጥልም፣ አንቺ ግን ወረቀቷ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ትሥራ አትሥራ በምን ታውቂያለሽ ስትል ጠየቀቻት። ሲቲና አታውቅም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያሳሰባት እሱ ነበር፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ወንድይፍራው ተጨመረበት።

ወንድይፍራው የፓርኪንጉ አለቃ ነው። አርባ ዓመት አልሞላውም፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ እዚህ አገር መጥተው አንቱታን ካልጣሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በኢድ ቀን ፈረቃዋን ራሱ ይሸፍንላታል፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ጃንጥላ ይዞ አውቶቡስ መቆሚያ ድረስ ይሸኛታል። በቀዩ አውቶቡስ ዊልሸርን ይዛ ስትሄድ ሲቲና ስታስብ የነበረው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኢማድ ሲደውልለት ምን ይላል? ይጥለኛል ብላ ለማመን ይከብዳል፤ አይጥለኝም ብላ ለማመንም የሰማችው አላስቻላት። 

ፈተናው ከሰዓት በኋላ በሰባት ሰዓት፣ በምድር ቤቷ ክፍል ነበር። መስኮት የላትም፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከዋናው ቢሮ የመጣች መነጽራም ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰዓት መቁጠሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች። ሕጉን አስረዳች፦ ሃያ ብጣሽ ወረቀት አለ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቲኬቱ የጠፋበት ሰው የመኪና ታርጋ ተጽፏል። መኪናውን ከዝርዝሩ ፈልጎ፣ ቲኬት ጠፍቷል ብሎ መዝግቦ፣ የገባበትን ሰዓት ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ፣ ማለፊያው አሥራ ሦስት። ሲቲና መጀመሪያ ያየችው ኪቦርዱን ነው። ወረቀቷ በቦታዋ አለች።

የመጀመሪያውን ብጣሽ አንስታ፣ በቀስቱ ወርዳ፣ መኪናውን አግኝታ ወረቀቷን ተጫነች። ዝርዝሩ ተከፈተ። የስድስት ሳምንት ሐሳቧ በዚያች ቅጽበት ከላይዋ ወረደ፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት፣ ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ከንፈሯን ነከሰች። በዝግታ ሠርታ የመጀመሪያውን ጨረሰች። ወንድይፍራው ግን በሩ ጋ ቆሞ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። እሱ ያየው እናቱን የምታህል ሴት በተኮራመቱ ጣቶች ቁልፍ ስትለቅም ነው። ትልቅ ሰው ሲደክም እጅን አጣጥፎ ማየት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ይህን አይችልም። ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ማውሱን ያዘ።

«እትዬ፣ እርስዎ ታርጋውን ይንገሩኝ፣ እኔ ልንካልዎት።»

«ኧረ ተወው ልጄ፣ አትቸገር።»

«ምን ችግር አለው፣ እናቴ አይደሉ እንዴ?»

ተወው አለችው፣ ደግማም አለችው። ግን ያለችው ገበታ ላይ በቃኝ እንደሚባለው አድርጋ ነው። በእኛ ሰው ወግ በቃኝ ያለውን እንግዳ ዝም ብሎ የሚተወው ባለጌ ብቻ ነው፤ ወንድይፍራው ባለጌ አይደለም፣ ስለዚህ አልተዋትም። እሷም እንደሚጥላት ስትጠረጥረው የዋለችው ሰው ሊያሳልፋት ሲጥር አይታ አዘነችለት፣ በጠረጠረችውም አፈረች፤ እጅህን አንሳ ማለት ከአፏ አልወጣ አለ። አንገቷን ደፍታ ታርጋውን አነበበችለት። እሱ ነካ። ሁለተኛው እንዲህ አለቀ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ስድስት ብጣሽ በይሉኝታ አለፈ።

ከዚያ መነጽራሟ ሴት ተነስታ መጣች። ሳትቆጣ፣ ሳትስቅም፣ ስድስቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ በቀይ ሠረዘቻቸው። እሱ የሠራቸው አይቆጠሩም አለች። ሰዓቱ አይቆምም፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። ሲቲና በሐሳቧ ደመረች፦ አንድ ሠርታለች፣ አሥራ ሦስት ብጣሽ ቀርቷል፣ ከእነዚያ አሥራ ሁለቱን ካልሠራች ሰኞ ቤት ናት። ወንድይፍራው ማውሱን እንደያዘ ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረ። ዕድሜዋን ነገራት፣ የጣቶቿን ነገር ነገራት፣ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አርፍዳ እንደማታውቅ ነገራት፣ በአገራችን ሽማግሌ ይከበራል አላት። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። እያንዳንዱ ቃል ግን ከደቂቃው ላይ ይቀነሳል፤ ደግሞም ሲቲና ሲናገር ስትሰማው ጠዋት በግድግዳው በኩል ከሰማችው ከኢማድ ቃል አልራቀባትም። አንዱ ልጣልሽ፣ አንዱ ላሳልፍሽ ይላል፤ ሁለቱም ጋ እሷ የለችም።

«ወንድይፍራው» አለችው። ልጄ አላለችውም። «እጅህን ከዚያ አንሳ። ወንበርህንም ይዘህ ውጣልኝ።»

በሕይወቷ ለሰው ውጣልኝ ብላ አታውቅም። ወንድይፍራው መጀመሪያ የሰማውን አላመነም፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ፣ ማውሱን ለቀቀ፣ ወንበሩን እንዳይንኳኳ አንስቶ ወጣ። ሲቲና ዞር ብላ አላየችውም። ማውሱን በክንዷ ገፍታ ወደ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠችና ሥራ ጀመረች። ወረደች፣ ወረቀቷን፣ ፊደሉን፣ ማጽደቂያውን፤ ወረደች፣ ወረቀቷን። አንድ ጊዜ መሃል ጣቷ ታጥፎ ሌላ ቁልፍ ላይ ወደቀና መኪናው ጠፋባት፤ ጣቷን በግራ እጇ አቃንታ፣ ቢስሚላህ ብላ እንደገና ፈለገች። ስንት እንደሠራች መቁጠር ትታለች። ሴትዮዋ ሰዓት አለቀ ስትላት የመጨረሻው ብጣሽ ተሞልቶ ነበር።

መነጽራሟ ስክሪኑን ከወረቀቶቹ ጋር አስተያየች። ከአሥራ ሦስቱ በአንዱ ላይ ሰዓቱ ተሳስቷል አለች። አሥራ ሁለት፣ ከመጀመሪያው ጋር አሥራ ሦስት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ፊት ለፊት አየቻትና፣ ያቺ ቁልፍ ለምን እንደምትሆን ኮምፒውተር ላይ ሃያ ዓመት ስትቀመጥ እንደማታውቅ ነገረቻት፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተማረችም ጠየቀቻት። ሲቲና በርበሬ ቤት ብትላት ስለማይገባት ጓደኛዬ ናት ያስተማረችኝ አለች። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንድትገባ ተነገራት፤ ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

ወንድይፍራው መኪና መውጫው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ማለፏን ሰምቷል። እንኳን ደስ አለዎት አላት፣ አይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። «ኢማድ ‹እጇ አይሠራም› ሲለኝ፣ እርዳት ማለቱ መስሎኝ ነው እኮ እትዬ» አላት። ሲቲና ኢማድ ምን ማለቱ እንደነበር ልትነግረው ትችል ነበር። የቤቷን ገመና ግን አደባባይ አታወጣም፤ እንዲያ መስሎህ ነው አለችው ብቻ። ይቅር በለኝም አላለችም። ልትል አስባ ነበር፣ ከዚያ ያጠፋችውን ፈለገች፣ አጣችው። ሰኞ እንገናኝ ብላው ወደ አውቶቡሱ ሄደች። መቀመጫ አልነበረም፤ እስከ ፌርፋክስ ቆማ መጣች፣ ድካሙ አልተሰማትም።

ቤት ስትገባ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሳብሪያ ሶፋው ላይ ሕፃኗን አቅፋለች፤ ኢማድ ከእሷ አጠገብ ስልኩን ያያል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይሠራል። ሰላምታ ተለዋወጡ። ሲቲና ጫማዋን አውልቃ ወደ መኝታ ቤቷ ስትሄድ ኢማድ ስልኩን አስቀምጦ ተነሳ። በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ አንድ ነገር ገታው። በጎን ሾልካ ገባች። የሕፃኗ አልጋ ከእነ ፍራሹና ከእነ አሻንጉሊቶቹ፣ በበሩና በእሷ አልጋ መሃል ቆሟል። ሶላት የምትሰግድበት ቦታ ነው። ሰጋጃዋ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቷል።

 ኢማድ በሩ ጋ መጣ። ሳብሪያም ሕፃኗን እንዳቀፈች ከኋላው ቆመች።

«እንዴት ሆነ አክስቲ?» አላት።

«አለፍኩ። ሰኞ በሁለት ሰዓት እገባለሁ።»

አልሐምዱሊላህ አለ ኢማድ፣ ቃሉ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ያህል ዘገየ።  ሳብሪያ አቀርቅራ፣ ታዲያ ልጅቷስ አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ የጨነቃት ሴት ጥያቄ ነው፣ ሲቲናም ጭንቀቷን አይታዋለች። ሕፃኗንም ትወዳታለች፤ ይህንን ማንም አይጠራጠርም።

«በዕረፍት ቀኔ እይዝላችኋለሁ» አለች ሲቲና። «ከጠየቃችሁኝ።»

 ኢማድ ጠዋት የተናገረውን ግድግዳው እንዳላስቀረለት ገባው መሰለኝ፣ አይኑ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄዶ ተመለሰ። ሲቲና የሕፃኗን አልጋ ከአንዱ ጫፍ ያዘችና ወደ በሩ ሳበችው።

«ኧረ ተይው፣ አንቺ ደግሞ» አለ ኢማድ፣ ደንግጦ እየገባ። «በዚህ እጅሽ? እኔ አወጣዋለሁ።»

ሲቲና ለቀቀችለት። የራሷ አልጋ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ኢማድ አልጋውን አነሳው፣ በበሩ አልወጣ አለው፣ አጋደመው፣ የአልጋው እግር ምንጣፉ ላይ ተያዘ፣ ፍራሹ ወደቀ፣ እንደገና አነሳ። ላብ በግንባሩ መጣ። በደንቡ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ልርዳህ ማለት ነበረባት። አንድ ጊዜም አላለችም።